የሕፃን ሆድ የትራፊ ማጠራቀሚያ አይደለም
(ስለ ሕፃናት ምግብ ብክነት ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ)

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በእናቶች መካከል ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔም ጋ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። የሚያወራው ምግብ የሚጀምር ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ ስለሚባክነው ምግብ ነው። ጸሐፊዋ ስድስት ምክሮች ሰጥተዋል። ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስቀምጣቸው። አንደኛ፣ የሳምንቱን ምግብ በአንድ ቀን አብስላችሁና ፈጭታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ ልጁ ሁለት ጊዜ የተፋውን ምግብ ዳግም አትሥሩ። ሦስተኛ፣ የቀረበለትን ሳይጨርስ አታንሡት። አራተኛ፣ ከሳህኑ የተረፈውን ፍሪጅ አስገቡና ለራት አሙቁለት። አምስተኛ፣ ምግቡን አቅጥኑት፤ ቀጭን ከሆነ ሳይተፋ ይጨርሰዋል። ስድስተኛ፣ እንቁላልና ሥጋ ውድ ስለሆኑ ዓመት እስኪሞላው ቆዩበት፤ በእጁም አታስበሉት፣ ግማሹን መሬት ላይ ይጥለዋል።

ጸሐፊዋ በክፋት እንዳልጻፉት እርግጠኛ ነኝ። ጭንቀታቸው የኔም ጭንቀት ነው። ኑሮው የት እንደደረሰ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ከጉሊት በመደብ ገዝታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ልጣችሁ፣ ቀቅላችሁ ያቀረባችሁት ካሮት ቢብ ላይ ሲቀር ያንገበግባል። ጽሑፉ መግቢያ ላይ የጠቀሱት አኀዝም ትክክል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚያ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከወጥ ቤታችን ይጀምራል መባሉን አልቃወምም።

የምቃወመው ቁጠባው በማን ላይ እንደወደቀ ነው። ከስድስቱ ምክሮች አምስቱ የሚቆጥቡት ከሕፃኑ ነው። በግድ ይብላ፣ የቀጠነ ይብላ፣ የቆየ ይብላ፣ እንቁላል አይብላ። እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ስምንት ወሯን ይዛለች። በመጀመሪያው ልጄ ከነዚህ ምክሮች አብዛኞቹን ሠርቼባቸዋለሁ። በሁለተኛዋ ትቻቸዋለሁ። አሁን ቤቴ ውስጥ የሚጣለው ምግብ ያኔ ይጣል ከነበረው በጣም ያነሰ ነው። ምክንያቱን በየነጥቡ ልናገር። ቅደም ተከተሉን ግን እንደ ጽሑፉ አልጠብቅም። አራተኛውን ነጥብ ለመጨረሻ አቆየዋለሁ፣ ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ስለሆነ።

ሳይጨርስ አታንሡት ከሚለው ልጀምር።

ትልቁን ልጄን ሳበላ እንዲህ ነበር የማደርገው። በግራ እጄ ሁለቱን እጆቹን እይዛለሁ። በቀኜ ማንኪያውን። እሱ ከንፈሩን ግጥም ያደርጋል። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፣ ማንኪያው ይከተለዋል። ወደ በሩ ያዞራል፣ ማንኪያው ይከተለዋል። በመጨረሻ አፉን የሚከፍተው ለማልቀስ ነው። እኔ ታዲያ ያኔ አስገባለሁ። ገንፎው በአገጩ ወርዶ አንገቱ ስር ይገባል። ሳህኑ ባዶ ሲሆን «ጎሽ የኔ ጌታ፣ ጨረስክልኝ!» እላለሁ። ልብሱን ሳወልቅ ግን የገንፎው ግማሽ እዚያ ነው።

እናቴም እኔን ያሳደገችኝ በማጋት ነው። ጭኗ ላይ አጋድማ፣ በመዳፏ እየቀዳች። እሷም ከእናቷ ያየችውን ነው ያደረገችው። ያኔ ልጅ እንዲተርፍ የቻሉትን ሁሉ ያደርጉ ነበር፣ አልፈርድባቸውም። ግን የተጋተ ልጅ ትን ሊለው ይችላል፣ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ያ ባይሆን እንኳ ምግብን መፍራት ይማራል። የኔ ልጅ አሥር ወሩ ላይ ማንኪያ ሲያይ ብቻ ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የጣልኩትን ምግብ ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው። ምንም ባቀርብለት አይነካም ነበር። ብክነት ላስቀር ብዬ የጀመርኩት ነገር ለወራት ብክነት ዳረገኝ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ማወቅ ብቻውን ያረጋጋል። ጡት የሚጠባ ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ሕፃን ከምግብ የሚያስፈልገው በቀን 200 ካሎሪ ያህል ነው። የቀረውን ከእናቱ ጡት ያገኘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው፣ ስድስት ወር ሞልቶት ምግብ ሲጀምር በአንድ ጊዜ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል። ቀስ እያለ ግማሽ ብርጭቆ ይደርሳል። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማለት እኮ የቡና ሲኒ ግማሽ ነው! እኛ ግን በሾርባ ሳህን ሞልተን እናቀርብና ልጁ አልበላ አለ ብለን እናለቅሳለን። ልጁ በልቷል። የሆዱን ያህል በልቷል። ሳህኑ ነው ከሆዱ የበለጠው።

ትንሿን ስጀምራት በቡና ሲኒ ነው የሰፈርኩላት። እውነቴን ነው፣ ከረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ አንሥቼ የሷ አደረግኩት። ግማሽ ሲኒ አቀርባለሁ። ከጨረሰችና አፏን ከፍታ ወደ ማንኪያው ከመጣች እጨምራለሁ። ፊቷን ካዞረች፣ ማንኪያውን በእጇ ከገፋች፣ ከንፈሯን ከገጠመች በቃት ማለት ነው። አነሣዋለሁ። ጭማሪ ከድስቱ መቅዳት ሁልጊዜ ይቻላል። አፏ የደረሰውን ግን ወደ ድስቱ መመለስ አይቻልም። ይቺን አንዲት ነገር ካወቅኩ ወዲህ ከሳህኗ የምጥለው በማንኪያ የሚቆጠር ሆኗል። አንዳንድ ቀን ሦስት ማንኪያ በልታ ታቆማለች። በማግስቱ ሲኒውን ሁለቴ ታስሞላኛለች። ጥርስ ሲያወጡም፣ ጉንፋን ሲይዛቸውም ይቀንሳሉ። ይህ ሁሉ ያለ ነው።

ወደ አንደኛው ምክር ልለፍ። የሳምንቱን አብስሎ፣ ፈጭቶ፣ በበረዶ መሥሪያ ላይ አፍስሶ ማቀዝቀዝ። ይህ ምክር ውሸት አይደለም። ቢሮ ለምትውል እናት፣ ፍሪዘሯ ለማይቋረጥባት፣ ልጇም የሚወደውን ለይቶ ለጨረሰ ጥሩ ነው። ውጭ አገር ያሉ እህቶቻችን እንደዚህ እያደረጉ ያሳድጋሉ። አዲስ ለጀመረ ሕፃን ግን የብክነት መነሻው ይኸው ነው። ገና ካሮት ይውደድ ድንች ያልታወቀ ልጅ ላይ የአንድ ሳምንት ካሮት ትፈጫላችሁ። ሁለት ማንኪያ ይበላል። ቀሪው ፍሪዘር ውስጥ ተረስቶ፣ በረዶ ለብሶ፣ አንድ ቀን ስታጸዱ ይወጣል።

መብራቱስ? ጸሐፊዋ ስለ መብራት አንድም ቃል አልጻፉም። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በሩ ሳይከፈት ከቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ ብቻ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል። የአብዛኞቻችን ፍሪዘር ደግሞ እላይ ያለችው ትንሿ ሳጥን ናት። ከሥራ ስትመለሱ ቀልጦ፣ መልሶ በርዶ የምታገኙት ምግብ ቀን መብራት ሄዶ መምጣቱን እንኳ አይነግራችሁም። እኔ ፍሪዘር የምጠቀመው ለጥሬ ሥጋ ነው። እሱንም በአንድ ጊዜ የሚበቃ በትንንሽ ፌስታል ለይቼ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ የቤተሰቡ ድስት ነው። ለሕፃን ለብቻው ማብሰል ባስፈለገን መጠን ይባክናል፤ ምክንያቱም ትንሽ አድርጎ ማብሰል ያስቸግራል። ሁለት ማንኪያ ምስር ማን ይቀቅላል? ቤቱ ግን በየቀኑ ያበስላል። ጥበቡ የልጁን ድርሻ ጨውና በርበሬ ከመግባቱ በፊት መቅዳት ነው። ምስር ወጥ ልሠራ ስል ምስሩን መጀመሪያ ለብቻው እቀቅላለሁ። ወደ ቁሌቱ ከመጨመሬ በፊት አንድ ጭልፋ ቀንሼ ለትንሿ አስቀምጣለሁ። አልጫ ስሠራ ድንቹና ካሮቱ ሲበስል፣ ጨውና ቃሪያው ከመግባቱ በፊት፣ የሷን አወጣለሁ። ዱባም እንደዚያው። ጎመን ሲቀቀልም እንደዚያው፣ ግንዱን ትቼ ቅጠሉን በደንብ ከትፌ። ጠዋት ቅንጬ ከሆነ ከሷ ድርሻ ላይ በሹካ እደፈጥጥና ትንሽ የኑግ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ አደርግበታለሁ። ብሌንደር አላወጣም። ብሌንደር በባሕርይው ብዙ ይፈልጋል፤ ትንሽ ከገባበት አይፈጭም፣ ግድግዳው ላይ የሚቀረውም ቀላል አይደለም። ሹካ ግን አንዲት ድንች ትበቃዋለች።

እሷ ያልበላችውስ? ከድስት ወጥቶ ገና ያልተነካውን ወደ ወጡ እመልሰዋለሁ። የተቀቀለ ድንች የት ይሄዳል? ጨውና እርድ አግኝቶ የአባቷ ምሳ ይሆናል። ፍራፍሬም ላይ እንዲሁ ነው። ሙዝ ሙሉውን አትላጡት። ከነልጣጩ መሐል ለመሐል ቁረጡትና ግማሹን ብቻ ላጡ፣ ሌላው ግማሽ ልጣጩ ውስጥ ይቆያል። አቮካዶ ስትከፍሉ ፍሬው ያለበትን ጎን አስቀምጡ፣ ሌላውን ተጠቀሙ። የተቀመጠውን ማታ ትልቁ ልጅ በዳቦ ይበላዋል።

ሁለተኛው ምክር፣ ሁለት ጊዜ የተፋውን ተዉት የሚለው፣ ልጁን ለዓመታት የሚከተል ጉዳት አለው። መጀመሪያ፣ ሁሉም የሚወጣ ምግብ የተጠላ ምግብ አይደለም። ስድስት ወር አካባቢ ያለ ሕፃን ምላሱን ወደ ፊት እየገፋ ምግቡን ያወጣዋል። እስከ ዛሬ ሲጠባ ነው የኖረው፤ ወደ ኋላ አድርጎ መዋጥ ገና እየተማረ ነው። ሁለተኛ፣ ሕፃናት አዲስ ጣዕም ለመቀበል ብዙ ጊዜ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል። 8 ጊዜ፣ 10 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሁለት ጊዜ ሞክረን ጎመን የተውንለት ልጅ አራት ዓመቱ ላይ ጎመን አይወድም ብለን ስሙን እናጠፋለን።

ትንሿ ዱባን ስትጀምር ፊቷን እንደ ሎሚ ነበር የምታጨማድደው። ስድስት ሰባት ጊዜ ድረስ ትተፋዋለች። እኔም በየጊዜው የማቀርብላት አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነበር፣ ከምትወደው ድንች ጎን። አንድ ቀን ዝም ብላ ዋጠችው። ከዚያ አፏን ከፈተች። እስከዚያ ድረስ የባከነው ዱባ ስንት ነው? አሥር ጊዜ እንኳ ቢሆን አሥር የሻይ ማንኪያ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ብዙም አይዘልም። በሦስት ማንኪያ ዱባ ልጄ ዕድሜ ልኳን ዱባ ትበላለች። ይሄ ብክነት ከተባለ የትምህርት ቤት ደብተርም ብክነት ነው።

የማቅጠኑ ምክር ላይ ደግሞ አገራችን ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ለዓመታት ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያስተምሩ የኖሩትን የሚሽር ነገር ነው የተጻፈው። ገንፎው ከማንኪያ ላይ እንደ ውኃ መፍሰስ የለበትም፤ ማንኪያውን ዘንበል ሲያደርጉት ቀስ ብሎ ነው መውረድ ያለበት። ምክንያቱ ሆዱ ነው። ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚይዘው በክብደቱ ኪሎ ወደ 30 ግራም ገደማ ነው። ሰባት ኪሎ ከሆነ 210 ግራም። ያንን ቦታ በውኃ ከሞላነው ልጁ ጠግቦ ተርቧል። ሳህኑ ጸድቷል፣ ምንም አልተደፋም፣ ልጁ ግን ኪሎ አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ተገኝተዋል። ቀጭን አጥሚት በጡጦ እየሞላን ብክነት ቀነስን የምንል ከሆነ የምንቀንሰው ከዚህ ልጅ ቁመት ላይ ነው። ጡጦውም ራሱ በደንብ ስለማይጸዳ ተቅማጥ ያመጣል።

ወፍራም ገንፎ አልዋጥ ያለው ልጅ ካላችሁ መላው እዚሁ ቤታችን አለ። ብቅል። ለጠላ የምናበቅለው ማለቴ ነው። ገብስ ወይም ስንዴ ታጥቦ፣ ተነክሮ፣ ሲጎነቁል በደንብ ደርቆ ይፈጫል። ገንፎውን ወፍራም አድርጋችሁ አብስሉ። ትንሽ በረድ ሲል ከብቅሉ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ጣል አድርጋችሁ አማስሉት። ዓይናችሁ እያየ ይላላል። ከዚያ መልሳችሁ አንድ ጊዜ አፍሉት፤ ይህችን እንዳትዘሏት፣ ብቅሉ ጥሬ ነውና። ውኃ ሳትጨምሩ ቀጠነ ማለት ነው። ዱቄቱ ሙሉ ኃይሉን እንደያዘ ልጁ በቀላሉ ይውጠዋል። ብቅሉ ሻጋታ ያየው ከሆነ ግን አትጠቀሙ። ብቅል ከሌለ የታለበ የጡት ወተት ጨምሩበት። ከውኃ በብዙ ይሻላል።

ስለ ዱቄት ካነሣን፣ ጸሐፊዋ ያልነኩትን አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ቤት የሚባክነው የልጅ ምግብ ከሳህን ሳይሆን ከቆርቆሮ ነው። ስንዴው፣ አጃው፣ ሽምብራው፣ ኦቾሎኒው አንድ ላይ ይቆላና አምስትና ስድስት ኪሎ ምጥን ይፈጫል፣ ወፍጮ ቤት ደጋግሞ መሄድ ስለሚሰለች። ሦስተኛው ወር ላይ ነቀዝ ይገባበታል። ኦቾሎኒ ካለበት ደግሞ የዘይቱ ሽታ ይለወጣል፣ ልጁም አልቀበልም ይላል። እኛ ብሎክ ያለን ሦስት እናቶች ተስማምተን አንድ ላይ እናስፈጭና እንከፋፈላለን። ለእያንዳንዳችን ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ ሳይበላሽ ያልቃል። የሻገተ ኦቾሎኒ ግን፣ እባካችሁ፣ መርጣችሁም ቆልታችሁም አታድኑት። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በመቁላትም በመቀቀልም አይጠፋም። እሱን መጣል ብክነት አይባልም።

እንቁላልና ሥጋ እስከ ዓመት ይቆይ የተባለው በጣም አሳዝኖኛል። ልጅ ሲወለድ ከእናቱ ይዞት የሚመጣው የብረት ክምችት ስድስት ወር አካባቢ እየተሟጠጠ ይሄዳል። የእናት ጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ትንሽ ነው። ማለትም ልጁ እንቁላል፣ ሥጋና ጉበት አብዝቶ የሚፈልገው ጸሐፊዋ ከልክሉት ባሉበት ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል በየቀኑ እንዲያገኙ መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት መካከል ደግሞ በዓይነትም በድግግሞሽም የሚበቃ ምግብ የሚያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

በየቀኑ መባሉ ስንቱን ቤት እንደሚከብድ አውቃለሁ። የኔንም ቤት ይከብደዋል። ግን የሕፃን ድርሻ ትንሽ ነው። አንድ እንቁላል ጠንከር አድርጌ እቀቅላለሁ። ሩቡን በሹካ ደፍጥጬ ከድንቹ ጋር ለትንሿ፣ የቀረው ለትልቁ፣ ሳይነካካ። አንድም አልባከነ። ሥጋ ለወጥ በመጣ ቀን ከቀዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል በቢላ ፍቄ፣ በትንሽ ውኃ እስኪበስል አንተክትኬ ገንፎዋ ላይ አደርግላታለሁ። ከአንድ ኪሎ ሥጋ ላይ ይሄ መቀነሱ እንኳ አይታወቅም።

ጾም ሲገባ ብዙ ቤት ለሕፃኑም እንቁላሉ ይቀራል። ቤተ ክርስቲያን ጾምን የምታዘው ከሰባት ዓመት ጀምሮ ነው፣ የስምንት ወር ሕፃን ላይ አይደለም። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ነው። ድስቱ ይነካካል ብለን እንተዋለን። እኔ ለትንሿ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ማንኪያና አንድ ሳህን ለይቼ ገዛሁ። እናቴ ጾሟን በሰላም ትጾማለች፣ ልጄም እንቁላሏን ትበላለች። ያች ትንሽ ድስት ሌላም ጥቅም አላት። ስለማትይዝ ብዙ አታበስሉባትም።

በእጅ መብላቱን በተመለከተ ጥቂት ነው የምለው። አዎ፣ ይጥላሉ። መጀመሪያ ላይ ከሚበሉት የሚጥሉት ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ቁራጭ ብቻ ስጧቸው። ለስላሳ የተቀቀለ የካሮት ጣት፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ። ሲጨርሱ ሌላ አንድ። ከሥራቸው ንጹሕ ጨርቅ ወይም ትሪ ዘርጉ። የእንጀራ አገር ልጅ በእጁ እንዳይበላ መከልከል ለኔ አይዋጥልኝም። ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ሙሉ ወይን፣ ጥሬ ካሮት ግን አይሰጥም፣ ያንቃል።

አሁን ወደ አራተኛው። ከሳህኑ የተረፈውን ፍሪጅ አስገብቶ ለራት ማሞቅ።

ይህንን እኔም አድርጌዋለሁ። ያቆምኩት በአንድ አጋጣሚ ነው። ለትንሿ ገንፎ ሠርቼ ግማሹን በሳህኗ አቀረብኩ፣ ግማሹ ድስቱ ውስጥ ቀረ። አራት አምስት ማንኪያ እንደበላች እንቅልፍ ወሰዳት። ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ላስተኛት ገባሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ የሳህኑ ገንፎ ውኃ ሆኗል። ላዩ ላይ አቅርሮ፣ ማንኪያው ቆሞበት የነበረው ወፍራም ገንፎ ሾርባ መስሏል። ድስቱን ከፈትኩ። የድስቱ ግን እንደነበረ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። አንድ ገንፎ፣ አንድ ሰዓት። ልዩነቱ ማንኪያው ነው። ማንኪያው አፏ ገብቶ፣ ሳህኑ ገብቶ፣ እንደገና አፏ ገብቷል። ምራቅ ውስጥ ስታርችን፣ ማለትም ገንፎውን የሚያወፍረውን የዱቄቱን ክፍል፣ የሚሰባብር ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ፤ አሚሌዝ ይባላል። ገንፎውን ያፈረሰው እሱ ነው። ብቅሉ የሚሠራውን ሥራ ነው የሠራው።

አሚሌዙ ራሱ አይጎዳም። ግን ከምራቁ ጋር የአፍ ባክቴሪያ ይገባል፣ ለብ ያለ ገንፎ ደግሞ ለባክቴሪያ ሠርግና ምላሽ ነው። ፍሪጅ እድገታቸውን ያዘገየዋል እንጂ አይገድላቸውም። ማሞቅም ቢሆን አንዳንድ ባክቴሪያ የሚተወውን መርዝ አያጠፋም። ተቅማጥ ሕፃናትን አብዝቶ የሚያጠቃው ምግብ በሚጀምሩበት በዚህ ዕድሜ መሆኑን የሕፃናት ክፍል ተሰልፋ የምታውቅ እናት ሁሉ ታውቃለች። አንድ ቀን የሚቆይ ተቅማጥ ከልጁ ላይ የሚወስደው ከአንድ ሳህን ገንፎ በብዙ ይበልጣል።

ስለዚህ ማስቀመጥ የሚቻለውና የማይቻለው ይለይ። ማንኪያው ያልነካው፣ ድስት ውስጥ የቀረው፣ ይቀመጣል። ከበሰለ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። ቶሎ ቀዝቅዞ፣ ተከድኖ፣ ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ይበላ። ሲሞቅ ላዩ ብቻ ሳይሆን መሐሉም እንፋሎት እስኪያወጣ ይሙቅ፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ብሎ ይሰጥ። የሚሞቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሚበቃትን ያህል ብቻ አውጥታችሁ አሙቁ። ፍሪጅ ከሌላችሁ ወይም መብራቱ ከሄደ የበሰለው በዚያው ገበታ ይለቅ፣ የተረፈውን ትልልቆቹ ይብሉት። የታሸገ የልጅ ምግብ ከቆርቆሮ ወይም ከጠርሙስ የምትሰጡም ከሆነ በንጹሕ ማንኪያ ወደ ሳህን ቀንሱ እንጂ ከጠርሙሱ በቀጥታ አታጉርሱ።

ከሳህኗ የተረፈችውን ሁለት ማንኪያ እኔ እዚያው እበላታለሁ። የልጄ ትራፊ ነው፣ አልጸየፈውም። የማልበላው ቀን የጎረቤት ዶሮዎች አሉ።

ጸሐፊዋን የምለምናቸው ነገር አለ። ሌሎቹን ነጥቦች በሐሳብ ልንለያይ እንችላለን፣ ጊዜ ወስደውም ያስቡባቸው። አራተኛውን ግን ዛሬውኑ ከጽሑፉ ያንሡት። ለኔ የላኩልኝ ሦስቱም እናቶች ልጆቻቸው ከዓመት በታች ናቸው። አንደኛዋ መልእክቷ ሥር «ከዛሬ ጀምሮ እንደዚህ ነው የማደርገው» ብላ ጽፋለች። እሷን ደውዬ አግኝቻታለሁ። ጽሑፉ የደረሳቸውን ሌሎቹን እናቶች ግን እኔ አላውቃቸውም።